የእትዬ የሺ ትርፍ ደቂቃዎች

የእትዬ የሺን ማረፍ የሰማሁት ሱሪ እያሳጠርኩ ነው። ከኮልፌ ወጥቼ መርካቶ ከገባሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ የድሮ ሰፈሬ ሰው ግን አሁንም ልብሱን ይዞ ይመጣል። አንዱ ደንበኛዬ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ሲጠብቀኝ፣ «ያቺ አየር ጤና ካሴት ቤት የነበራት ጎረቤትህ አርፋለች እኮ፤ አልሰማህም?» አለኝ። አልሰማሁም ነበር። ሰልስታቸው ካለፈ ሳምንት ሆኖታል።

በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ ለቅሶ ደረስኩ። ቤት ውስጥ የነበሩት ጥቂት ሰዎች ስለሳቸው ያወራሉ። ስልክ ቤት አብራቸው የሠራች አንዲት ሴት ሥራ አክባሪነታቸውን አነሳች። የዕድሩ ዳኛ ደግነታቸውን አነሱ። የእህታቸው ልጅ ደግሞ ወጥ መሥራት ጨርሶ እንደማይሆንላቸው ተናገረችና ሁላችንም ፈገግ አልን። የተባለው ሁሉ እውነት ነው። እኔ የማውቃቸውን እትዬ የሺን ግን ማንም አላነሳቸውም። ልናገር ብዬ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። ተሰናብቼ ወጣሁ። እዚህ የምጽፈው ያን ቀን መናገር የነበረብኝን ነው።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ ሰባዎቹ አጋማሽ ላይ። እኔ አየር ጤና መገንጠያው አጠገብ፣ ከጋራዦቹ ፊት ለፊት፣ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ከኔ ሱቅ ቀጥሎ ያለው የእትዬ የሺ ካሴት ቤት ነው። ሁለቱን ሱቆች የሚለያቸው አንድ ስስ ጣውላ ስለነበር እሳቸው ሲያስነጥሱ እኔ ከዚህ ወዲህ «ይማርዎት» እላለሁ። የሚያጫውቱትን ሁሉ ወደድኩም ጠላሁም አብሬ እሰማለሁ።

ረዥም፣ ቀጭን፣ መነጽራቸውን በክር አስረው አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሴት ነበሩ። ሃያ ዓመት ገደማ ስልክ አገናኝ ሆነው ሠርተዋል። ባላቸው ሲሞቱ ሥራውን ተዉና ሟቹ የተዉላቸውን ሁለት ቴፕ ሪከርደሮች ይዘው ሱቁን ከፈቱ። የስልክ ቤት ልማድ ግን አልለቀቃቸውም። ሙዚቃ ሲያዳምጡ አንገታቸውን ወደ ግራ ዘንበል አድርገው፣ ቀኝ ጆሯቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው። በዚያ ሰዓት ማንም ደንበኛ ቢመጣ አይመልሱለትም። አንዴ የነገሩኝን አስታውሳለሁ።

«ጀማል፣ ሰው ስልክ ላይ የሚያወራውን መስማት ክልክል ነው። እኔም አልሰማም ነበር። የምሰማው መስመሩን ነው። ዝናብ ሲሆን የጅማ መስመር ይዘፍናል፤ የድሬዳዋ ያንሾካሹካል። ጓደኞቼ መስመሩ ተበላሸ ይላሉ። እኔ ደግሞ እንዳይጠግኑት እለምናለሁ።»

ይህ ጆሮ ነው ካሴት ቤት የከፈተው። እንደማንኛውም ካሴት ቤት ሰው የሚወደውን ዘፈን ይሸጣሉ። የልባቸው ነገር ግን ሌላ ነበር። ማንም የማያውቀውን፣ በሬዲዮ የማይለቀቀውን፣ «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው?» የሚያሰኘውን ፈልገው ያገኛሉ። ከውጭ ትምህርት የሚመለሱ ልጆች፣ ከአሰብ ዕቃ የሚያመላልሱ የከባድ መኪና ሾፌሮች፣ ሌላው ሰው የማይፈልገውን ካሴት ለሳቸው ያመጣሉ። ከምሥራቅ ጀርመን የተመለሰ አንድ መሐንዲስ ያመጣላቸው ካሴት ነበር፤ ላዩ ላይ ስም የለውም። አንዲት ሴት ከማሽን ጋር ትዘፍናለች። ማሽኑ ይመታል፤ እሷ አንድ ቃል ትላለች፤ ማሽኑ ቃሏን ቆራርጦ ይመልስላታል። ደግሞ የሐረር ሰው ነበር፤ አኮርዲዮኑን ባዶ በርሜል ውስጥ አስገብቶ እየተጫወተ የቀዳ። እነዚህ ሁሉ ገበያ የላቸውም። ታዲያ እትዬ የሺ መላ ነበራቸው።

የካሴት አንዱ ገጽ ሠላሳ ደቂቃ ይይዛል። ዘፋኙ ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት ደቂቃ ዘፍኖ ያቆማል። የቀረው ባዶ ነው፤ እሽ እሽ እያለ ይሽከረከራል። እሳቸው ያንን ባዶ አይተዉትም። በደንበኛው ምርጫ መጨረሻ ላይ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ከማይታወቁት ሙዚቀኞች የአንዱን ሦስት ወይ አራት ደቂቃ ይቀዱበታል። «ትርፍ ደቂቃ» ይሉታል። ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት አይደለም። የሰውየውን አረማመድ፣ አነጋገር፣ ሥራውን ሳይቀር አይተው ነው የሚመርጡለት። ሥጋ ቤት ላለው የተለየ፣ ለአዋላጇ የተለየ።

ደንበኞቻቸው አንዳንዴ ካሴቱን ይዘው ተመልሰው ይመጣሉ። ከጣውላው ወዲህ ሆኜ የምሰማው ጭቅጭቅ ሁሌ አንድ ነው።

«እትዬ፣ ይሄ ካሴት ተበላሽቷል። መጨረሻው ላይ ይጮሃል።»

«አልተበላሸም። ሙዚቃ ነው።»

«ይሄ ሙዚቃ ነው?»

«ስንት ጊዜ ሰማኸው?»

«አንዴ።»

«አንዴማ ትደነግጣለህ። ሁለተኛ ስማውና ና። አልወደድኩትም በለኝ፣ አልቀየምም። አልሰማሁትም እንዳትለኝ ብቻ።»

ብዙው ሰው አይመለስም። ከአስር አንዱ ግን ይመለሳል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ትንሽ እያፈረ፣ «የዚያ ነገር ቀሪው አለ?» ይላል። ያኔ እትዬ የሺ እንደ ድሮ ሥራቸው፣ «ይጠብቁ፣ አገናኝዎታለሁ» ይላሉ። ሳቃቸው ጣውላውን አልፎ ይመጣል።

እኔንም ለቀቅ አላደረጉኝም። ያቺን ከማሽን ጋር የምትዘፍነውን ሴት ሰጡኝና «ይሄ ያንተ ነው፤ ከስፌት መኪናህ ጋር ይሄዳል» አሉኝ። ሰምቼ አልወደድኩትም። ነገርኳቸው። «እሺ» አሉ። ሳምንት ሳይሞላ አንድ የወታደር ካፖርት እየሰፋሁ ሳለ ፔዳሉን በዚያች ሴትዮ ምት እየረገጥኩ ራሴን ያዝኩት። አልነገርኳቸውም። እሳቸው ግን ከጣውላው ማዶ ሰምተው ነበር፤ የስፌት መኪናዬ ምቱን መቀየሩን ከሳቸው መደበቅ አይቻልም። «ጀማል፣ ገጹን ላዙርልህ?» አሉ።

አሁን ስለ ደሳለኝ ልንገራችሁ።

አንድ ቀን ከዘነበወርቅ ሆስፒታል የምትላላክ ሴት አንድ አሮጌ ካሴት አመጣችና ሰው ልኳት እንደመጣችና በላዩ የታወቀ ዘፈን እንዲቀዱበት ነገረቻቸው። እትዬ የሺ አሮጌ ካሴት ሳይሰሙ አያጠፉም፤ የማይሻር ሕጋቸው ነው። ቴፑ ውስጥ ከተቱት። እኔ ኮሌታ እየተኮስኩ ነበር። መጀመሪያ ኦርጋን መጣ፤ አንድ ድምፅ ብቻ፣ በጣም ረዥም። ከሱ በታች ሌላ ኦርጋን፤ ከዚያ በታች ሌላ። አምባሰል እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ እንደዚያ ዝግ ያለ አምባሰል ሰምቼ አላውቅም። ቀጥሎ አንድ ፉጨት ገባ። ዋሽንት አይደለም፣ ሰው አይደለም። እየቀረበ እየራቀ በኦርጋኖቹ መካከል ይዞራል። መተኮሻውን አንስቼ ያዝኩት እንጂ ኮሌታው ተቃጥሎ ነበር።

ካሴቱ አለቀ። ከዚያ የሱቁ በር ሲዘጋ ሰማሁ። ቀትር ላይ ዘግተው አያውቁም።

«ጀማል፣ የያዝከውን አስቀምጥና ና» አሉኝ።

ተላላኪዋን ጠይቀን የላካትን ሰው ቤት አገኘነው። ከሆስፒታሉ አጥር ጀርባ፣ ነፋስ ሲዞር የቆሼ ቆሻሻ መጣያ ሽታ የሚደርስበት፣ አንዲት ክፍል ቤት ናት። ደሳለኝ የኔ እኩያ ነው፤ ከጎጃም ለሕክምና በልጅነቱ መጥቶ እዚያው የቀረ። ያመጣው የሥጋ ደዌ ድኗል፤ ጣቶቹን ግን ወስዷቸዋል። ከሁለት አውራ ጣቶቹ በቀር የቀሩት አጫጭር ጉጦች ነበሩ። በሩን ከፍቶ ሲያየን እጆቹን ከኋላው ደበቀ።

እትዬ የሺ ክንዱን ይዘው ወደ ፊት ሳቡትና ቀኝ እጁን በሁለት እጃቸው ጨበጡት። ስለ እጁ አንድም ነገር አልተናገሩም። ከሰላምታ ቀጥሎ የመጀመሪያው ቃላቸው ይህ ነበር፦

«ከሦስተኛው ደቂቃ በኋላ የሚገባው ፉጨት ምንድን ነው?»

ሰውዬው ፊቱ ሲበራ አየሁ። እንደዚያ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ የሰማውም ሰው አልነበረም።

ወደ አገሩ የተመለሰ የውጭ አገር ሐኪም ትንሽ የኤሌክትሪክ ኦርጋን ትቶለት ሄዷል። ደሳለኝ ከጫማ ጠጋኝ ጠፍር ለምኖ፣ ቀጫጭን እንጨቶች ከእጁ ጋር በጠፍር እያሰረ ቁልፎቹን ይጫናል። ብዙ ቁልፍ ባንዴ መንካት ስለማይችል አንዱን መስመር ይቀዳል፤ ያንን በአንድ ቴፕ እያጫወተ በላዩ ሁለተኛውን ይጫወትና ሁለቱን በሌላ ቴፕ ይቀዳል። እንዲያ እያለ አምስት፣ ስድስት ሆኖ ይወጣል። ፉጨቱ ደግሞ የሬዲዮ ነው። አጭር ሞገድ ላይ በሁለት ጣቢያዎች መካከል የሚሰማውን ጩኸት መቆጣጠሪያውን በመዳፉ እያሸ እንደ ዘፈን ያስኬደዋል።

«ታዲያ ለምን ታጠፋዋለህ?» አሉት እትዬ የሺ።

«ማን ይሰማዋል ብዬ?»

«እኔ ሰማሁት። ጀማልም ሰምቶታል፤ ኮሌታ ሊያቃጥል ነበር።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ ባዶ ካሴት ይወስዱለታል፤ የቀዳውን ይዘው ይመለሳሉ። በትርፍ ደቂቃዎች ለሰው ለማሰማት ጠየቁት። እሺ አለ፤ አንድ ነገር ግን አስማላቸው። ስሙ እንዳይነገር፣ ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚኖር እንዳይታወቅ።

«አየር ጤና ሻይ ቤት ገብቼ የጠጣሁበትን ብርጭቆ ፊቴ ሰብረውታል» አለ። «የኔ እንደሆነ ካወቁ ወይ አይሰሙትም ወይ ያዝኑልኛል። እንዲያዝኑልኝ አልፈልግም። እንዲሰሙት ነው የምፈልገው።»

እትዬ የሺ ማሉለት። እኔም ማልኩ።

ያን ክረምት የደሳለኝ ሦስትና አራት ደቂቃ ኮልፌን ዞረ። በሠርግ ካሴት መጨረሻ፣ በፍቅር ዘፈን መጨረሻ። ይጮሃል ብለው የመለሱ ነበሩ፤ ሌላ ካለዎት ብለው የመጡ ደግሞ ከወትሮው በዙ። አዋላጇ ሦስቴ ተመልሳ ለእናቶች ልታሰማው እንደምትፈልግ ነገረቻቸው። እትዬ የሺ እንደ ልጃገረድ ሆኑ፤ የመጣውን ሰው ሁሉ ቆጥረው በጣውላው በኩል ያሳውቁኛል።

ነገሩ የተበላሸው አንድ ካድሬ ካሴት በገዛ ጊዜ ነው። የሠርግ ዘፈን ነው የገዛው፤ ለእህቱ ሠርግ። ትርፍ ደቂቃው የደሳለኝ ነበር። ሰውዬው ዘፈኑ አልቆ ቴፑን ሳያጠፋ ቆየና ፉጨቱን ሰማ። እየራቀ የሚቀርብ፣ የሚቆራረጥ የሬዲዮ ድምፅ፣ ሠርግ ካሴት ውስጥ ተደብቆ። በዚያ ዘመን ሰው ከዚህ ባነሰ ነገር ይጠረጠራል። ምልክት ነው፣ የጠላት መልእክት ነው ብሎ ካሴቱን ይዞ ቀበሌ ሄደ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሁለት አብዮት ጥበቃዎች መጡ። እትዬ የሺ መነጽራቸውን አንገታቸው ላይ አስተካክለው፣ ሱቃቸውን ራሳቸው ቆልፈው፣ ቁልፉን በኔ መስኮት ሰጡኝ።

«ጀማል፣ የማልነውን አስታውስ» አሉ። ሌላ ነገር አላሉም።

ቀበሌው ውስጥ አንድ የዕቃ ክፍል አስገቧቸው። ምሳ የማደርስላቸው እኔ ነበርኩ። የሚጠየቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህን የቀዳው ማን ነው? የሚመልሱትም አንድ ነው፤ ሙዚቀኛ ነው። ስሙስ? አልናገርም። የት ነው ያለው? አልናገርም። አልደበደቧቸውም፤ ሰፈሩ ያውቃቸዋል፣ ይፈራሉም። ግን ዝም ማለታቸው ነገሩን አባባሰው። የማይናገሩት ትልቅ ነገር ቢኖር ነው ተባለ። በአራተኛው ቀን ጥበቃው ሰሃኑን ሲመልስልኝ፣ «ሰኞ ወደ ከፍተኛው ያሳልፏቸዋል፤ ከዚያ በኋላ በእኛ እጅ አይደሉም» ብሎ በጆሮዬ ነገረኝ።

ከፍተኛው ማለት ከቀበሌ በላይ ያለው ጽሕፈት ቤት ነው። እዚያ የገቡ ሰዎች ሲወጡ አይቻለሁ፤ ያልወጡም ነበሩ።

ዓርብ ነበር። ሱቄ ገብቼ መኪናው ፊት ተቀመጥኩ፤ አንድም ነገር መስፋት አልቻልኩም። መሐላ አለብኝ። እሳቸውም ያንኑ መሐላ ይዘው ነው የታሰሩት። ብናገር የሳቸውን አራት ቀን ከንቱ ማድረጌ ነው፤ ዝም ብል ሰኞ ይመጣል። በመጨረሻ አንድ ነገር ገባኝ። ማልን ስንል ለሌላ ሰው ላለመናገር ነው እንጂ ለደሳለኝ ለራሱ ላለመናገር አይደለም።

ሄድኩ። ደሳለኝ ካሴት አጥቶ ሳምንቱን ሲጨነቅ ሰንብቷል። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ስጨርስ፣ «ስሜን አልተናገሩም?» አለኝ።

«አልተናገሩም።»

«አራት ቀን?»

«አራት ቀን።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እጆቹን አየ። እኔ ምን ማድረግ እንዳለበት አልነገርኩትም፤ ብነግረው ኖሮ ዛሬም ይጸጽተኝ ነበር።

«ኦርጋኑ ከባድ ነው» አለ በመጨረሻ። «ብቻዬን አልችለውም።»

ከሆስፒታሉ አጠገብ ውሃ የሚያመላልስ የአህያ ጋሪ አገኘን። ኦርጋኑን በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ ሬዲዮኑንና ሁለቱን ቴፖች በላዩ ጭነን ቅዳሜ ጠዋት ወደ ቀበሌው መንገድ ጀመርን። ገበያ ቀን ስለነበር አየር ጤና ሰው ሞልቶታል። ደሳለኝ ነጠላ ነበረው፤ እጁን ሊሸፍንበት ይችል ነበር። ከጋሪው ጎን ኦርጋኑን ደግፎ መሄድ ስለነበረበት አልሸፈነውም። ሰዎች መንገድ ሲለቁ አይቻለሁ። አንዲት ሴት ልጇን ስትጎትት አይቻለሁ። እሱ ፊት ለፊቱን እያየ ሄደ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ቀድሞ ቧንቧ ሠራተኛ የነበረ፣ ወፍራም፣ ዝግተኛ ሰው ነው። ካድሬውም እዚያው ነበር። ደሳለኝ አዳራሹ በር ላይ ቆመና፣ «ያንን ካሴት የቀዳሁት እኔ ነኝ፤ እሳቸውን ልቀቋቸው» አለ። ካድሬው ከላይ እስከ ታች አየው፤ ዓይኑ እጆቹ ላይ ቆመ።

«በዚህ እጅ?» አለ።

«በዚህ እጅ። ሶኬት የት ነው?»

ኦርጋኑን አዳራሹ መካከል ሁለት ወንበር ላይ ጋደም አደረግንለት። ጠፍሮቹን እኔ አሰርኩለት። ሊቀመንበሩ እትዬ የሺ ይምጡ አለና አመጧቸው። ፀጉራቸው ተንጨባርሯል፤ ደሳለኝን ሲያዩ መጀመሪያ እኔን ነው የገላመጡኝ። ዓይናቸውን መቋቋም አቅቶኝ ወለሉን አየሁ።

ደሳለኝ አንዱን መስመር ተጫወተና ቀዳ። ያንን እያጫወተ በላዩ ሁለተኛውን ተጫወተ። ከዚያ ሬዲዮኑን ከፈተ፤ አንድ ጣቢያ ዜና ያነባል፣ ትንሽ አዞረው፣ ፉጨቱ መጣ። በመዳፉ መቆጣጠሪያውን እያሸ ድምፁን ወደ ላይ ሰደደው፣ መለሰው፣ ኦርጋኑ ውስጥ አስቀመጠው። እትዬ የሺን አየኋቸው። በሁለት ጥበቃዎች መካከል ቆመው፣ አንገታቸውን ወደ ግራ ዘንበል አድርገው፣ ቀኝ ጆሯቸውን ሸፍነው፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እስረኛ መሆናቸውን ረስተውታል።

ሲያበቃ ሊቀመንበሩ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ።

«አምባሰል አይደለም እንዴ?» አለ።

«ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

ካድሬው፣ «ፉጨቱስ? ፉጨቱ ምን ማለት ነው?» አለ።

ደሳለኝ አሰበ። «ምንም ማለት አይደለም» አለ። «ለኔ ከሩቅ የሚመጣ ሰው ይመስለኛል። ገና ያልደረሰ።»

ሊቀመንበሩ ወደ ካድሬው ዞሮ፣ «እኔ ቧንቧ ውስጥ ስንት ዓመት እንዲህ ያለ ድምፅ ስሰማ ኖሬያለሁ፤ መልእክት ነው ያለኝ የለም» አለ። አዳራሹ ሳቀ፤ ጥበቃዎቹ ሳይቀሩ። እትዬ የሺን፣ «እትዬ፣ ከእንግዲህ እንዲህ ያለውን አስፈቅደው ይሽጡ፤ በሰው ካሴት ጫፍ አይደብቁ» ብሎ አሰናበታቸው።

ከቀበሌው ግቢ ስንወጣ ደሳለኝ ሊያመሰግናቸው ቃል ሲፈልግ፣ እሳቸው ቀድመው፣ «መሐላዬን ይሄ ልጅ አፈረሰብኝ» አሉ እኔን እያሳዩ።

«እሱ አላፈረሰም። እኔ ነኝ የመጣሁት» አላቸው።

ሁለት ቀን አላናገሩኝም። በሦስተኛው ቀን ጣውላው ሁለቴ ተንኳኳ። «ጀማል፣ ሻይ አዝዤልሃለሁ፤ ሳይቀዘቅዝ ጠጣ» አሉ። ቅያሜው በዚያ አበቃ።

ደሳለኝ ግን ያን ቅዳሜ ሌላ ሰው ሆኖ ነው ቤቱ የገባው። በሚቀጥለው ሳምንት ካሴት ስንወስድለት፣ «ስሜን ጻፉበት» አለን። ስም ያለው ካሴት ደግሞ በጫፍ አይሆንም። ሙሉ ካሴት ነው፣ ሁለት ገጽ። እትዬ የሺ እንደተባሉት ፈቃድ ፍለጋ ገቡ። ስንት ቢሮ እንደዞሩ አላውቅም፤ ጠዋት ሄደው ከሰዓት በኋላ ጫማቸው አቧራ ለብሶ ሲመለሱ ብቻ አያለሁ። ተስፋ የቆረጡ መስሎኝ ሳለ አንድ ቀን ማህተም ያረፈበት ወረቀት በመስኮቴ አስገቡልኝ። ካሴቱን የሰማው ሹም፣ «ግጥም የለውም፤ ቃል የሌለውን ነገር ምን ብዬ ልከልክል?» ብሎ ፈርሞላቸዋል። ይህን ሲነግሩኝ ወንበር ፈልገው እስኪቀመጡ ድረስ ሳቁ።

የካሴቱን ወረቀት በእጃቸው ጻፉት። ላዩ ላይ የደሳለኝን ስም ከነአባቱ፣ ከሥሩ «ኦርጋንና ሬዲዮ» ብቻ። ያወጡት ሠላሳ ያህል ነው። አዋላጇ ሁለት ወሰደች። ሥጋ ቤት ያለው ሰው አንድ ወሰደ፤ ለማን እንደሆነ አልተናገረም። አንዳንዱን እትዬ የሺ ራሳቸው ለሚያምኑት ሰው፣ «ሁለቴ ስማው» እያሉ በነጻ ሰጡት።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሦስታችን ባዶ ካሴት ልንገዛ መርካቶ ሄድን። ስንመለስ ተሳፋሪ ፊት ለፊት ተፋጥጦ የሚቀመጥበት ውይይት ታክሲ ያዝን። ደሳለኝ ጥግ ላይ፣ እትዬ የሺ አጠገቡ፣ እኔ ፊት ለፊታቸው ነበርኩ። የካሴቶቹ ካርቶን በደሳለኝ ጭን ላይ ነው። ጦር ኃይሎችን እንዳለፍን ሾፌሩ ቴፑን ከፈተ፤ ከኋላ ባስገባው ድምፅ ማጉያ ረዥም ኦርጋን መጣ። አንድ ድምፅ ብቻ።

ደሳለኝ ቀና አለ። እትዬ የሺን አየሁ፤ አሁን ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ። ማንም የማያውቀውን ሰው ለሰው ማሳወቅ የኖሩበት ሥራ ነው። አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ገጠሙት።

ከኔ ጎን የተቀመጠች ቅርጫት የያዘች ሴት፣ «ሾፌር፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

«አላውቅም፤ የሆነ የኛው ሰፈር ሰው ነው አሉ» አለ ሾፌሩ። «ልቀይረው?»

ሴትዮዋ ጥቂት አዳመጠች። «ተወው» አለች።

ፉጨቱ ገባ። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸው ላይ አገጫቸውን አሳረፉ። ደሳለኝ እጆቹን ካርቶኑ ላይ ዘርግቶ መስኮቱን ያያል፤ ማንም እጆቹን አላየም፣ ወይ አይቶ ዝም ብሏል። ወደ ዘነበወርቅ የሚያስገባው መንገድ ጋ ደረስን፤ የሱ ፌርማታ ነው። ረዳቱ፣ «ወራጅ አለ?» ብሎ ጠየቀ።

ደሳለኝ እትዬ የሺን አያቸው፤ እሳቸው እኔን አዩኝ። ሦስታችንም መልስ አልሰጠንም። የካሴቱ ገጽ ገና አላለቀም ነበር፤ ታክሲው አልፎ ሄደ።